የነሐሴው ተረኛ

ገዢው ኮምፕሬሰሩን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ።

"ያስነጥሳል" አለ።

"ጠዋት ጠዋት ብርድ ይመታዋል እንጂ ጤነኛ ነው" አለ ምትኩ። "ሲሞቅ ይተወዋል።"

"እንደ አባቴ ነዋ። እሳቸውም ፀሐይ እስክትወጣ ነው።" ሰውየው ቡዜ ይባላል። ጀሞ በኩል ጎማ የሚሠራ፣ ጣቶቹ እንደ ምትኩ ጣቶች በግሪስ የጠቆሩ ሰው ነው። ቀና ብሎ ሱቁን ቃኘው፤ የተደረደሩትን አሮጌ ጎማዎች፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠሉትን የጎማ ከመነዳሪዎች፣ ክሪኩን፣ የተበሳ ጎማ የሚፈተሽበትን የውሃ ገንዳ። "ወንድሜ፣ አትቀየመኝና፣ ኮምፕሬሰሩን የሚሸጥ ጎሚስታ ወይ ሞቷል ወይ አገር ሊለቅ ነው። አንተ ደግሞ እንደማይህ አልሞትክም።"

የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቡዜ ግድግዳውን ሲያይ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ከሌላው ቆርቆሮ ነጣ ብሎ ታየው።

"እዚህ ጋ ምን ነበር?"

"ፖስተር።"

"የምርጫው? ሁለት? የሁለቱንም ለጠፍክ?" ሣቁ ሊያመልጠው ሲል የምትኩን ፊት አየና ዋጠው። "በል፣ ነገ ጠዋት አይሱዙ ይዤ እመጣለሁ" አለና ጃኬቱን ራሱ ላይ ደፍቶ በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከምርጫው በፊት የአንዱ ፓርቲ ልጆች መጡና "ጋሼ፣ ቦታህ አስፋልት ዳር ነው፤ አንዲት ፖስተር እንለጥፍ" አሉት። ልጆቹን ከነእናቶቻቸው ያውቃቸዋል፤ የብስክሌታቸውን ጎማ በነፃ እየነፋላቸው ነው ያደጉት። እምቢ ማለት ከበደው። በማግስቱ የሌላኛው ፓርቲ ልጆች መጡ። እነሱንም ከነእናቶቻቸው ያውቃቸዋል። ለእነዚያ ፈቅዶ እነዚህን ቢከለክል ምን ይባላል? "ከጎኑ ለጥፉት" አላቸው። ማንንም ሳያስቀይም የዋለ መስሎት ያን ዕለት ደስ ብሎት ተኛ።

ምርጫው አለፈና ውጤቱ ተነገረ። ያሸነፉት ጨፈሩ፣ የተሸነፉት ተበደልን አሉ፣ ከአንድ ቧንቧ ሲቀዱ የኖሩ ጎረቤቶች ሲተያዩ መንገድ መሻገር ጀመሩ። ምትኩን ግን ሁለቱም ወገን የዚያኛው ሰው አደረጉት። "ምትኩማ ሁለት ባላ ተክሏል" አሉ። ሁለቱም ባላ ተሰበረበት። የለመዱት የታክሲ ሾፌሮች ጎማቸው እየተነፈሰ እንኳ በደጁ አልፈው ጎፋ ድረስ መሄድ ያዙ። አንዱ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በመስኮት ብቅ ብሎ "ምትኩ፣ በሁለት በኩል የሚነፋ ጎማ አምጥተሃል አሉ!" ብሎት አለፈ። የዳቦ እንኳ ሳይዝ የሚገባበት ቀን በዛ።

ይህን ሁሉ በቻለው ነበር። ውጤቱ በተነገረ ሰሞን ግን ልጁ ሲራክ ከኮሌጅ ሲመለስ መካኒሳ አቦ ታክሲ መውረጃው ላይ ልጆች ከበቡት። "አባትህ የማን ነው?" አሉት። ሲራክ መልሱን አያውቀውም፤ አባቱ ራሱም አያውቀውም። ዱላው ግራ ዓይኑ ላይ አረፈ። ሐኪሙ፣ ያ ዓይን ከእንግዲህ ብርሃንና ጨለማን ከመለየት አያልፍም አለ። ሲራክ ስለዚያ ቀን ለእናቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። "ኢፋም ነበር" አላት።

ኢፋ የበንቲ ልጅ ነው። በንቲ ደግሞ የሲራክ የክርስትና አባት፣ የምትኩ አበልጅ። ምትኩ በጉብዝናው ከመርሐ ቤቴ መጥቶ ማረፊያ ባጣ ጊዜ፣ ከእርሻቸው ጫፍ መንገዱ በወጣበት በኩል ጎማ የሚያስቀምጥባትን ቦታ የሰጡት የበንቲ አባት ነበሩ። እርሻው ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል፤ ሱቋ ግን እዚያው ናት። ሲራክ ክርስትና የተነሣውም በበንቲ ክንድ ላይ ሆኖ ነው።

ምትኩ ቤት ሲደርስ ሚስቱ ውዳሴ ሻንጣ ላይ ተንበርክካ ከዚፑ ጋር ትታገላለች። ሐሙስ በሞያሌ በኩል ሊወጡ ነው። ካምፓላ ሱቅ ያለው ወንድሟ የመንገዱን ከፍሏል፤ ለሲራክም የዓይን ሐኪም አጠያይቆለታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል። ሦስቱ ፓስፖርቶች በፌስታል ተጠቅልለው መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል።

"ሸጥከው?" አለች ቀና ሳትል።

"ነገ ይወስደዋል።"

"ተመስገን።" ቀና ስትል ነጠላውን ሲያጣፋ አየችው። "ወዴት ነው?"

"ዛሬ አምስት ነው እኮ። የአቡዬ ማኅበር።"

"ማን ቤት እንደሆነ ረስተኸው ነው?"

"አልረሳሁም።"

"የበንቲን ደፍ ልትረግጥ?"

"ከእሱ ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነኝ፣ ውዴ። ጽዋው ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ዝም ብዬ ብጠፋ አቡዬ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? ሄጄ መንገደኛ ነኝ፣ ለሌላ አሳልፉት ብዬ እሰናበታለሁ።"

ውዳሴ ዚፑን ለቀቀችው። "የልጄን ዓይን ምን እንዳጠፋው ታውቃለህ?" አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ዱላ አይደለም። ኢፋም አይደለም። ያንተ ይሉኝታ ነው።"

ጓዳ ውስጥ የሲራክ ሬዲዮ ድምፅ ቀነሰ። ምትኩ እውነት እንዳይደለ ቢያውቅ በተከራከራት ነበር። ዣንጥላውን አነሣና ወጣ።

በንቲ ቤት በሌላ ጊዜ ወንበር አይበቃም፤ ከጎረቤት ይለመናል። ዛሬ ገላኔ፣ የበንቲ ሚስት፣ ደርድራ ያስቀመጠችው አግዳሚ ግማሹ ባዶ ነው። የመጡትም ተራርቀው፣ አንዱ ወገን በበሩ በኩል፣ ሌላው በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። መሐል ጠረጴዛው ላይ እንደ ጋሪ ጎማ የሰፋ ድፎ ዳቦ አለ።

"ገላኔ፣ ይሄ ዳቦ ለእኛ ነው ወይስ ለመካኒሳ ሕዝብ?" አሉ ጋሽ ማኑሄ። የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ ሰብሳቢውን እንደዚያ ነው የሚሉት።

"ለማኅበሩ ነው የጋገርኩት፣ ጋሽዬ። ማኅበሩ የት እንደገባ እንግዲህ እርስዎ ይንገሩኝ።"

የሣቀ አልነበረም። በንቲ ከጓዳ ቀይ ከፋይ የለበሰችውን የሸክላ ጽዋ ይዞ ወጣ። ረጅም ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ጎበጥ ብሏል። ምትኩን አየውና ዓይኑን ሰበረ።

ጽዋው ሳይባረክ በፊት ሙሴው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። ቂም ይዞ ከጽዋው መቅመስ የለም። ጥያቄው ከኖረ ብዛት ወግ ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ ሁሉም "የለም፣ የለም" ይላል፣ ይታለፋል።

"ቂም የያዘ አለ?" አሉ ጋሽ ማኑሄ።

ዛሬ "የለም" ያለ አልተገኘም።

"እኔ ይዣለሁ" አለ ምትኩ። ድምፁን ራሱ ሲሰማው ደነገጠ። ሰው መሐል ተቀምጦ ሰው የሚያስቀይም ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

"በማን ላይ?"

"በአበልጄ።" ወደ በንቲ ዞረ። "ልጅህ ነበረ ወይ? ሲራክ ነበረ ይላል። ካንተ አፍ ልስማው።"

"ያ ዋቃ" ብላ ገላኔ አምላኳን ጠራችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ነበረ" አለ በንቲ።

"መታው?"

"አልመታሁም ነው የሚለው። ቆሜ አየሁ ነው የሚለው።" በንቲ ጽዋውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። "ምነው በመታኸው አልኩት። የመታ ሰው ተናዶ ነው ይባላል። የክርስትና ወንድሙ ሲደበደብ ቆሞ ያየውን ምን ልበለው? አሁን ሰበታ አክስቱ ዘንድ ነው። አላባረርኩትም። ፊቴን ማየት አቃተው።"

"ታዲያ አንተስ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?"

"ደጅህ ድረስ እየመጣሁ እመለስ ነበር። ምን ብዬ ላንኳኳ? የክርስትና ልጄ ዓይን እንዴት ዋለ ልበል?"

"የእኛም ልጅ ተመቷል! እሱን ማን ጠየቀ?" የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል ተነሣ።

"ማን ጀመረውና?" አለ ከመስኮቱ በኩል ሌላው። "እናንተ አይደላችሁ እንዴ?"

"ድምፅ የሰረቀ ሰው አፉን ይዝጋ።"

"በአቡዬ ቀን!" ብለው ጋሽ ማኑሄ መሬቱን በመቋሚያ መቱ። ቢመቱም ከበሩ በኩል ያለው ሰው ዣንጥላውን አንሥቶ ወጣ። ሌላም ተከተለው። በሩ ተከፍቶ ቀረና ዝናቡ እስከ ምንጣፉ ገባ። ገላኔ ሄዳ ዘጋችው።

ጋሽ ማኑሄ ጸሎቱን ባጭሩ አደረሱ። ሲጨርሱ ምትኩን በእጃቸው ጠሩት። "ና፣ ተቀበል። ለነሐሴ ተረኛ አንተ ነህ።"

"ጋሽ ማኑሄ፣ እኔ መንገደኛ ነኝ። ሐሙስ ቤተሰቤን ይዤ ካምፓላ እሄዳለሁ። ለሌላ ያሳልፉልኝ።"

ሽማግሌው ባዶውን አግዳሚ ቃኙት። "ካንተ ቀጥሎ ያለው አሁን ዣንጥላውን ይዞ የወጣው ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ከምርጫው ወዲህ ብቅ ብሎ አያውቅም። እኔ በልጄ ቤት ተጠግቼ ነው የምኖረው፣ ከነማኅበሬ ልጠጋ አልችልም።" ጽዋውን በአገጫቸው አመለከቱ። "ካልተቀበልከው ነገ ወስጄ ለቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አስረክበዋለሁ። በዚሁ ይበቃል። አልፈርድብህም፣ ልጄ። የተጎዳ ልጅ ያለው ሰው ይሄዳል።"

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ምትኩ የበንቲን እጆች አየ። ጠላው በጽዋው አፍ እየዘለለ ከፋዩን ያርሳል። በእነዚያ እጆች ላይ ሲራክ፣ ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ሆኖ፣ ሲያለቅስ ታየው። ይቅርታ በልቡ ፈለገና አላገኘም። ያገኘው ፍርሃት ነው፤ አሁን አንድ ነገር እዚህ መሐል ወድቆ ሊሰበር ነው የሚል ፍርሃት።

እጁን ዘረጋ።

"ልጅህን ይቅር አላልኩም" አለ።

"በል አላልኩህም" አለ በንቲ።

"ይሄ እንዳይወድቅ ብቻ ነው።"

"ገብቶኛል።"

ተቀበለው። አልቀመሰም ግን፤ ቂሙ አልወጣለትምና።

ተረኛ ጽዋ ይዞ ሲሄድ ማኅበርተኛው እየዘመረ ደጁ ድረስ ይሸኘዋል። ዛሬ የሸኘው በንቲ ብቻ ነው። ዣንጥላውን ለራሱ ሳይሆን ለጽዋው ዘርግቶ፣ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ቀረት ብሎ ተከተለው። ከየሱቁ በረንዳ ሰው ያያቸዋል። አንድ ሁለቱ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ከምትኩ ደጅ ሲደርሱ በንቲ ማዶ ቆሞ ቀረ።

በሩን የከፈተችው ውዳሴ ናት። ቀዩን ከፋይ አየችው። በባሏ ትከሻ ላይ አሻግራ ደግሞ ዝናብ የሚመታውን ሰውዬ አየች። ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ምትኩ ጽዋውን መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረ። ፌስታሉን ፈታና ከሦስቱ ፓስፖርቶች የራሱን ለየ። ሁለቱን መልሶ ጠቀለላቸው።

"እስከ ነሐሴ አምስት ነው" አለ። "አብልቼ አጠጥቼ ለሌላ አሳልፌ እመጣለሁ።"

"የሚቀበልህ ብታጣስ?"

"እንጃ።"

"እኔ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፣ ምትኩ።"

"ሂዱ። ዓይኑን ያሳዩት። እኔም ቅሪ አላልኩሽም።"

ሲራክ ጋቢውን ደርቦ ከጓዳ ወጣ። በደህናው ዓይኑ መጀመሪያ ጽዋውን፣ ከዚያ ለብቻዋ የተለየችውን ፓስፖርት አየ። "ኮምፕሬሰሩስ፣ አባዬ?"

"ልደውልለት ነው። አትምጣ እለዋለሁ።"

"ሰውየውን ደፍረህ እምቢ ልትለው?" አለች ውዳሴ። ከንፈሯ ፈገግታ የሚመስል ነገር ጀመረና ተወው። "ይሄን ከምርጫው በፊት ብትለምደው ምን ነበረበት?"

ምትኩ ስልኩን አወጣ። ጠራ። "ቡዜ፣ ነገ አትምጣ። አይሸጥም" አለ፤ ቡዜ ሲያጉረመርም "ይቅርታ" ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ውዳሴ ከሻንጣው ላይ ተቀምጣ ስታየው ቆየች። በመስኮቱ በኩል በንቲ የለም፤ የቆመበትን ቦታ ዝናቡ አጥቦታል። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"ጠላውን ማን ይጠምቅልሃል?"

"እኔ።"

"ጌሾን ከግራዋ ትለያለህ?"

ምትኩ ራሱን ወዘወዘ።

"ደግነቱ ነሐሴ ፍልሰታ ነው፤ ወጡ ሽሮ ነው፣ እሱ አያቅትህም። ዳቦውንም ታስጋግረዋለህ።" ከሻንጣው ላይ ተነሥታ እጅጌዋን ሰበሰበች። "ጠላው ግን እጅ ካላወቀው ይበላሻል። ጋኑን ከጓሮ አምጣው። መጀመሪያ በግራዋ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል፣ ጥንስሱ ከዚያ በኋላ ነው። አንዴ አሳይሃለሁ፤ ደግሜ የማሳይበት ጊዜ የለኝም።"

ምትኩ ነጠላውን አውልቆ ወደ ጓሮ ወጣ።