የሮዝ ስንቅ

«ሳህኑስ?» አለ አባተ።

በሩ አጠገብ ያስቀመጠው ሳህን ታጥቦ ከሌሎቹ ጋር ተደፍቷል። ማንም ሳይሾማት የልቅሶውን ማድቤት የያዘችው ወሰንየለሽ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት። እህል መሬት ላይ ይቀመጣል እንዴ? ነውር ነው!»

አባተ ጥርሱን ነከሰ። ሚስቱ ሮዝ ከሞተች ወዲህ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኗል። ነዳጅ ጋሎኑ አራት ዶላር በገባበት ሰሞን እንኳ ሐበሻው ከቪከሪ ሜዶ ሰፈር ተነስቶ እሱ እስካለባት ዴንተን ከተማ ድረስ እየነዳ ይመጣል። መምጣቱስ ደግ ነበር፤ ግን መጪው ሁሉ አዛዥ ነው። አንዱ «በርታ» ይለዋል፣ አንዷ «ብላ» ትለዋለች፤ ጥግ ይዘው ደግሞ «ኢንዲያን ነበረች አሉ፤ ላባ ታደርግ ነበር?» ይባባላሉ።

ላባ! ሮዝ ከሰሜን፣ ከሐይቆቹ አገር የመጣች፣ ነጮቹ ሳይመጡ ከነበረው ነባር ሕዝብ የተወለደች ኦጂብዌ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ የወገኖቿን ታሪክ አስተምራ ማታ ማታ ተናዳ ትገባ ነበር።

«ተማሪዎቼ ዛሬም ስለዚያ የወንዝ አውሬ፣ ስለ ቢቨር ቆዳ ብቻ ጠየቁኝ!» ትላለች ቦርሳዋን ወርውራ። «ነጮቹ ነጋዴዎች በቆዳው ከበሩ፣ እኛ ድስትና ብርድ ልብስ ወሰድን፣ ቢቨሩም አለቀ። እሺ! በረዶው መንገድ ሲዘጋባቸው ማን አበላቸው? ይህን የሚጠይቅ የለም። አያቶቼ ናቸው፤ በዚህ ሩዝ!»

ሩዙ ጥቁር ነው። በታንኳ ሆነው በዱላ እያረገፉ ከሐይቅ ላይ ይሰበስቡታል። ባለፈው መስከረም፣ በሽታው ሳይጥላት፣ ሄዳ ካመጣችው የቀረው እፍኝ ብቻ ነበር። በመጨረሻው ሰሞን «አንተና ዘመዶችህ እያለቀሳችሁ ትበላላችሁ፤ መንገደኛዋ ግን እኔ ነኝ። ለኔም አስቀምጥልኝ» አለችው። በአገሯ ወግ ሟች ስንቅ ይቀርብለታል። አባተም ቃል ገባላት። ዛሬ ያንን እፍኝ ሩዝ ቀቅሎ በሩ አጠገብ ያስቀመጠው ለዚህ ነበር።

«የሷ ስንቅ ነበር እኮ!» ጮኸ። «የት ደፋሽው?»

«እኔ እህል እደፋለሁ? ለተሻገር ሰጠሁት።»

ተሻገር ከኤርፖርት ሥራው በቀጥታ የመጣ ወጣት ነው። ደንግጦ ከወንበሩ ተነሳ።

«ይቅርታ ጋሽ አባተ፣ አላወቅሁም። ማለቴ... ደብል ሺፍት ሠርቼ፣ የምሳ ብሬክም አልወሰድኩም ነበር። ግን እንዲህ ያለ ሩዝ በልቼ አላውቅም። ማን ነው ያመጣው?»

የአባተ ቁጣ በረደ። ሮዝ ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠበቀችው!

«እሷ ናት» አለ፤ እንባው መጣ። «ሮዝ ናት ያመጣችው።»

ማድቤት ገባ። ደግነቱ ድስቱ ገና አልታጠበም። ግርጌው ላይ የተጣበቀውን ሩዝ በማንኪያ ፍቆ ሳህኑ ላይ አደረገና በሩ አጠገብ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያም ወሰንየለሽ ደግማ እንዳታነሳው አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ።