ገለባ የተሞላው ኮርኒስ

ጴጥሮስ ሚዛን ከተማ ትልቅ የብሎኬት ቤት ሲሠራ ፊቱን በሙሉ መስታወት አደረገው። ገንዘቡ እዚያ ላይ ስላለቀ ቆርቆሮው ያለ ኮርኒስ ቀረ። ታናሽ ወንድሙ አልአዛር ግን አጠገቡ ግድግዳው ወፍራም ጭቃ፣ መስኮቱ ለከሰዓት ፀሐይ ጀርባውን የሰጠ ትንሽ ቤት ሠራ፤ ኮርኒሱንም ከላይ በደረቅ የቡና ገለባ ሞላው።

«ቤት ነው ወይስ የቡና መጋዘን?» አለ ጴጥሮስ ሰው እንዲስቅለት።

«ግባና እየው፣ ጋሼ።»

ጴጥሮስ አልገባም። እናታቸው እማማ አስካለች ግን የታላቁ ልጃቸው ቤት ቀን ሙቀቱ፣ ማታ ብርዱ ሲያስቸግራቸው ለአንድ ቀን ብለው አልአዛር ቤት አደሩ፤ በዚያው ቀሩ። ጴጥሮስ ቅናቱን ለሚስቱም አልተናገረም። በየጠዋቱ እየሄደ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ዛሬስ አትመጪም?» ይላቸዋል።

«እዚህ እንቅልፍ አገኘሁ፣ ልጄ» ይሉታል።

እናታቸው ክረምት ላይ አረፉ።

«ለቅሶው እኔ ቤት ነው፤ የበኩር ልጇ እኔ ነኝ» አለ ጴጥሮስ።

ለቀስተኛው የጴጥሮስን ሳሎን ሞላ። ፓስተሩ ስለ እናታቸው መናገር ሲጀምሩ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉም የሚሰማቸው ጠፋ። ጴጥሮስ ስለ እናቱ ከተባለው አንዲት ቃል እንኳ አልደረሰችውም። በመጨረሻ ተነሥቶ አግዳሚ ወንበሩን በትከሻው ተሸከመ።

«ወንድሜ ቤት እንግባ» አለ።

እዚያ ዝናቡ ሌላ ሰፈር የሚዘንብ ይመስላል። የእናቱ ስም ጥርት ብሎ ሲጠራ ጴጥሮስ አምርሮ አለቀሰ። ከዚያም ዕንባውን ሳይጠርግ ኮርኒሱን አየና ወደ አልአዛር ጆሮ ጠጋ አለ።

«ስንት ጆንያ ገለባ ፈጀብህ?»