ሣጥን ውስጥ ያለውን ብቻ

...እና ማንም አይስቅም፣ ቢስቁ ይሻል ነበር፣ የአውሮፕላኑ ሞተር ብቻ ነው የሚያጓራው፣ እሱም የእውነት አውሮፕላን አይደለም፣ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ከአርቪድ ስልክ የሚወጣ ድምፅ ነው፣ ጨዋታውን ያሳምርልኛል ብሎ ራሱ ነው የከፈተው፣ አሁን ሊያጠፋው ይፈልጋል፣ ጣቱ እሺ አይለውም። ምን አልኩ? ሮሊ አፉን ከፍቶ ቀርቷል፣ ጌል እርሳሷን ወረቀቷ ላይ እንደደቀነች ናት፣ ከርት አይቡን ጉንጩ ውስጥ ይዞ ማኘኩን ረስቷል። ሦስቱም የሚያዩት እሱን ነው።

ይህ በእኔና በአንተ መካከል ይቅር። ይህን ነው ያልኩት፣ ስልኩ እንዳለው፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል። ከዚያ በፊትስ? ካፒቴን ብሮክ ነጭ ጓንቱን እንዳጠለቀ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞር ይላል፣ አይዟችሁ፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካችሁም ይላል፣ ደህና፣ እዚህ ድረስ ደህና ነበር፣ ጌል እንኳን ደግ ፓይለት ብላ ፈገግ ብላለች፣ ከዚያ ነው አፉ ዝም ብሎ የቀጠለው፣ ካፒቴን ብሮክ ራሱ የመዳብ ጭንብል ነው፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ፓራሹት አንድ ብቻ ነው፣ ተራራው ላይ ሲደርሱ እሱን ይዞ ይዘላል፣ ይህ በእኔና በአንተ መካከል ይቅር።

የመዳብ ጭንብል። ከጥቅምት ጀምሮ የሚያሳድዱት ሽፍታ። አምስት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሮሊ የብረታ ብረት ሱቅ ጓዳ፣ ማን ይሆን፣ የቱ ይሆን እያሉ ሲጨቃጨቁ የከረሙበት። አሁን በአንድ ትንፋሽ፣ ገና በመጀመሪያው ገጽ።

አርቪድ፣ ይላል ሮሊ ቀስ ብሎ፣ እሱኮ የመሪው ሚስጥር ነው።

የመሪው። መሪው ዛሬ እሱ ነው፣ አርቪድ ቶለፍሰን፣ ሰባ አንድ ዓመቱ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የወተት ቦቴ የነዳ፣ ከወንዙ ማዶ እስከ ማዶ ያሉትን የከብት እርባታዎች በውሻቸው የሚያውቃቸው፣ ጥቁሩ ባለ አንድ ጆሮ የሃውገን ነው፣ ቢጫው የሽሚት፣ በር ላይ ስም ተጽፎ ነበር ይባላል፣ ይሆናል፣ ማን አየው። ይህን ሁሉ ዓመት ማንም አላወቀበትም። አሁን ጆሮው ይነድዳል። ሁለቱም ጆሮዎቹ፣ እንደ ልጅ።

አስራ አንድ ዓመት ተጫውቷል፣ መርቶ ግን አያውቅም። ጨዋታው የወሬ ነው፣ አንዱ መሪ ይሆንና ይተርካል፣ ሌላው በታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ሆኖ እንዲህ አደረግኩ ይላል፣ ዘለልኩ፣ ተኮስኩ፣ ሸሸሁ፣ ተሳካ አልተሳካ የሚወረወረው ባለ ቁጥር ዳይስ ይፈርዳል፣ መጀመሪያ ሮሊ ሲነግረው የልጅ ነገር ነው ብሎ ነበር፣ ሄዶ ተቀመጠ፣ ወደደው፣ ምክንያቱም በአፍ ነው፣ ሁሉም በአፍ። የሰውየውን ጉልበትና ችሎታ የሚይዝ ወረቀት አለ እርግጥ፣ እሱን ሚስቱ ቬርና ቤት ትሞላለት ነበር፣ ቁጥር አያቅተውም፣ ዋና ከላይ በግራ ነው፣ ሽጉጥ ከሥሩ፣ መንዳት ጥግ ላይ፣ በቦታ በቦታው ይዞታል። መሪነቱ ተራ በተራ ነበር፣ የሱ ሲደርስ ጀርባዬን አሞኛል፣ በረዶ ልጠርግ ነው፣ ቬርና ብቻዋን ናት፣ ይልና ተራው ያልፋል። ቬርና ከሞተች ሁለት ዓመቷ፣ ያ ሰበብም አብሯት ተቀብሯል።

ሮሊ ዳሌውን ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ብረት ገባለት፣ ቁጭ ብሎ ሁለት ሰዓት መናገር ያደክመኛል አለ፣ ተራህ ነው አንተ ሽማግሌ፣ ከዚህ በኋላ አታመልጠኝም፣ ምን አስፈራህ፣ ሁሉም እኮ የጨዋታው ድረ ገጽ ላይ አለ፣ በነፃ ነው፣ ታሪኩ አለ፣ ካርታው አለ፣ የሽፍቶች ስም ዝርዝር አለ ዳይስ ወርውረህ የምትመርጠው፣ የሞተር ድምፅ የነጎድጓድ ድምፅ አለ፣ ሊንኩን እልክልሃለሁ፣ አትሜም እሰጥሃለሁ፣ ማንበብ ብቻ ነው።

ማንበብ ብቻ።

እሺ አለ። ለምን እሺ አልክ? አልችልም ማለት ያን ጊዜ ትንሽ ነገር ነበር፣ አንድ ቃል ነበር፣ ሮሊ ብቻ ይሰማ ነበር። አሁን ሦስት ሰው። ቅዳሜ ሌላ መሄጃ የለህም፣ ይህችን ጓዳ ካጣህ ቅዳሜ ማለት እሑድ እስኪደርስ መስኮት ማየት ነው፣ ስለዚህ እሺ አልክ፣ ተኩራርተህ። መነጽርም ገዛህ። ከመድኃኒት ቤት፣ ከተንጠለጠሉት አንዱን፣ ለማንበብ ሳይሆን የሚያነብ ሰው ለመምሰል፣ ወይ ጉድ፣ እና አሁን አፍንጫህ ላይ ተሰክቷል፣ ዕድሜህን ሙሉ ያዳነህ ውሸት መነጽሬን ረሳሁ የሚለው ነበር፣ እሱንም በገዛ እጅህ ዘጋኸው።

ሃያ ሦስት ቀን። ፒካፑን ጀልባ ማውረጃው ጋ አቁሞ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ወንዙ ላይ በረዶው እየተሰነጠቀ። ሁለት ጣትህን አድርግና ከላይ ወደ ታች ሳብ፣ ብላው ነበር ቬርና፣ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆና ስልኩን ተቀብላ ስታነካካ ቆይታ፣ ያነብልሃል፣ ምኑን ያነብልኛል፣ ሁሉንም፣ የመድኃኒቱን፣ የአየሩን፣ የሚመጣልህን መልእክት፣ እኔ ሳልኖር፣ ይህን የመጨረሻውን አላለችም፣ ግን ብላለች። ሁለት ጣቱን አድርጎ ሳበ፣ የሴት ድምፅ አነበበችለት፣ የሷ አይደለም፣ ቀዝቃዛ ድምፅ ነው፣ እንደገና ሳበ፣ እንደገና፣ የሃይማኖት ትምህርቱን፣ ካቴኪዝሙንም፣ በአሥራ አራት ዓመቱ እንዲህ ነው የያዘው፣ እህቱ ኢንጋ ላም ስታልብ እየጮኸች፣ እሱ ከኋላዋ እየተከተለ፣ ፓስተሩ ፊት ሲቆም አንድ ቃል አልሳተም፣ መጽሐፉን ገልጦ ነበር የቆመው። የዛሬውም አሥራ አራት ገጽ እንደዚያው በቃሉ ገባ፣ የት ላይ ገጽ እንደሚገለበጥ ጭምር።

የፓይለቱ ነገር ገርሞት ነበር። እውነት። ለምን አሁን ይነግራቸዋል ብሎ ፒካፑ ውስጥ ቆም ብሏል፣ ከዚያ ልጅነቱ ትዝ አለው፣ የአባቱ ሬዲዮ፣ ተራኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀግናው የማያውቀውን ለአድማጭ ሹክ ሲል፣ በእኔና በአንተ መካከል ይቅር ሲል፣ እሱ ነው ብሎ አሰበ፣ እንደዚያ ነው የሚደረገው ብሎ። ድምፁን እንኳን ዝቅ አድርጎ አለው። ተለማምዶበት። ተለማምዶ።

ሣጥኑ አርቪድ፣ ይላል ሮሊ፣ ነግሬህ ነበር እኮ፣ ሣጥን ውስጥ ያለውን ታነብላቸዋለህ፣ ከሣጥን ውጭ ያለው ያንተ ነው። ሣጥኑን አላየኸውም?

አይቼዋለሁ። እንዴት አላየውም። ጎንበስ ይላል፣ ወንበሩ ሥር ይዳስሳል፣ ሮሊ ያን ቀን ያስታቀፈውን የቡት ጫማ ሣጥን ያወጣና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ክዳኑ በጎማ ታስሯል፣ ውስጡ ዳይሶቹና ካርታዎቹ አሉ፣ ወረቀቱም የመጣው እዚሁ ውስጥ ሆኖ ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱን ሁሉ ይነግራቸዋል፣ የሞተሩ ድምፅ ደግሞ ከሣጥኑ ውጭ ነው፣ የራሱ ነው፣ እንዲህ ነው የገባው። ይኸው፣ ይላል።

ሮሊ ሣጥኑን ያያል። ወረቀቱን ያያል። ወረቀቱ ላይ፣ አሁን አርቪድም ያየዋል፣ አንዳንዱ ጽሑፍ ዙሪያውን በመስመር ታጥሯል፣ አራት ማዕዘን፣ እንደ በረት። መቶ ጊዜ አይቶታል። ለጌጥ መስሎት።

ከርት ነው የሚፈነዳው፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ ሽማግሌው ዛሬ ቀልድ ጀምሯል ይላል፣ የጫማ ሣጥን፣ አምላኬ፣ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀልድ ሳይወጣው ይህችን ሲያዘጋጅ ከርሟል። ሮሊም ፈገግ ሊል ይዳዳዋል። በሩ ተከፈተልህ። ሳቅና ውጣ። አዎ፣ ቀለድኩባችሁ፣ በልና እንደገና ጀምር፣ ማን ያውቃል፣ ማንም።

ጌል አትስቅም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት፣ ሃያ ዓመት ከኋላዋ ያለውን ልጅ ሁሉ በመስታወት ስታይ የኖረች፣ አሁንም እንደዚያ ነው የምታየው፣ ዓይኗ ከሣጥኑ ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ መነጽሩ፣ አውቃለች። አውቃ ደግሞ አንገቷን ደፋች፣ አላየሁም ለማለት፣ ያ ነው የባሰው፣ እሷ ለሱ አፈረችለት።

ሳቅ። ሳቅና ውጣ። ግን አሥራ ሦስት ገጽ ቀርቷል፣ በየገጹ በረት አለ፣ የትኛው ቃል በረት ውስጥ እንዳለ የትኛው ሜዳ ላይ እንዳለ ቀዝቃዛዋ ሴትዮ አልነገረችውም፣ ለሷ ሁሉም አንድ ነው፣ ቢቀጥል ደግሞ ገና የሚመጣውን ሚስጥር ሁሉ ያፈርሰዋል፣ መቅደሱንም፣ ወጥመዱንም፣ መጨረሻውንም፣ አምስት ወር የደከሙበትን።

መስመሩ አይሰማም፣ ይላል።

ምኑ? ይላል ሮሊ።

መስመሩ። ስልኩ ሲያነበው መስመሩን አያነበውም።

ስልኩ ለምን ያነብልሃል?

ሞተሩ ያጓራል። ሮሊ ጥያቄውን ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚሰማው፣ ፊቱ ላይ ይታያል፣ ቀስ እያለ፣ እንደሚሟሟ በረዶ። አርቪድ መነጽሩን ያወልቃል፣ ያጣጥፋል፣ የት እንደሚያደርገው አያውቅም፣ ጎማውን ፈትቶ ሣጥኑ ውስጥ ይከተዋል። ስለማልችል፣ ይላል፣ ለካ ይህን ያህል አጭር ነበር፣ በድምፁ የሰማው ዛሬ ነው፣ ቬርና እንኳን በዚህ ቃል ሰምታው አታውቅም።

የከርት ሳቅ ተቆርጧል። ቆይ፣ ይላል፣ ይህን ሁሉ በቃልህ ነው? አሥራ አራቱንም?

አሥራ አራቱንም።

ወይ ጉድ፣ ይላል ከርት፣ ከልቡ ነው፣ አድንቆ ነው፣ ምነው ባላደነቀ፣ በሁለት እግሩ የቆመ ውሻ እንደሚደነቀው ነው፣ አርቪድ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የአይብ ፍርፋሪ በጣቱ ይሰበስባል፣ አንድ ላይ ያከማቻል፣ ይበትናል። ኮቴ የት አለ? በሩ አጠገብ ነው። አራት እርምጃ።

እኔ ደግሞ ማንበብ ብቻ ነው አልኩህ፣ ይላል ሮሊ፣ ለማንም አይደለም፣ ለምርኩዙ ነው። ከዚያ፣ ቬርና ነበረች የምትሞላልህ?

አዎ።

እጅ ጽሑፍህ ያምራል እልህ ነበር።

አዎ። ትለኝ ነበር።

ጌል ወንበሯን ትስባለች፣ ይንቋቋል፣ ዞራ ትመጣና አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ወረቀቱን ወደ መሃል ታደርገዋለች። ጨዋታው ውስጥ ያለችው የኔዋ ዶክተር አውሮፕላን ያማታል፣ ትላለች፣ ከኋላ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኝታለች፣ ዛሬ አትነሳም፣ ስለዚህ እኔ ሚስጥሩን ባይ ግድ የለም። ስታወራ አታየውም፣ አውራ ጣቱን ግን ይዛዋለች፣ እንደ ማኅተም አድርጋ ወረቀቱ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ በመስመሩ ላይ ታስኬደዋለች፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ። ከዚህ እስከዚህ። ጣቱ ወፍራም ነው፣ ሁለት ሦስት ቃል ይሸፍናል፣ የቱን እንደሸፈነ አያውቅም፣ ላቡ ወረቀቱን ያርሰዋል፣ ሁሉም ያያሉ፣ ይዩት እንግዲህ፣ ምን ቀረ።

አንተ በቃልህ በል፣ ትላለች፣ እኔ በዓይኔ እከተልሃለሁ፣ መስመሩ ሲያልቅ እነግርሃለሁ።

የኔ ሰውዬ ምንም አልሰማም፣ ይላል ከርት፣ ስለ ፓይለቱ ማለቴ ነው፣ ጆሮው በሞተሩ ደንቁሯል። ግን ከሱ አጠገብ ነው የምቀመጠው። ከፓራሹቱ አጠገብ።

ሮሊ ሳይወድ ይስቃል፣ ሳቁ ዳሌውን ያመዋል፣ አርቪድ አይስቅም፣ ጆሮው አሁንም ይነድዳል፣ ነገ ቤተ ክርስቲያንም ይነድዳል፣ ሰኞም፣ ሮሊ ሱቁ ውስጥ ለሚስቱ ሲነግር፣ ሚስቱ እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር ስትል፣ ይሁን። ኮቱን አያነሳም። ጉሮሮውን ይጠርጋል።

አውሮፕላኑ ከደመናው ሥር ብቅ ይላል፣ ይላል፣ ድምፁ መጀመሪያ ይሰነጠቃል ከዚያ ይቃናል፣ በስተግራ በበረዶ የተሸፈነ ጫፍ ይታያል፣ ከጫፉ ሥር ሰው የጠረበው የሚመስል ደረጃ አለ፣ ደረጃው ላይ እሳት ይነድዳል፣ እሳቱ አጠገብ ማንም የለም

ኳ። የጌል ጣት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አንዴ።

ያቆማል። የሚቀጥለው ቃል ምላሱ ላይ አለ፣ ጣፋጭ ነው፣ ያውቀዋል። ይውጠዋል።