የጠቆሩት እንቁላሎች

መጤው ተምች አምና የአንድ ገበሬን በቆሎ በልቶ አገዳ ብቻ አስቀርቶበታል። ዘንድሮ፣ ነፍሳት ማርቢያ ጣቢያ ውስጥ የምትሠራው ታናሽ እህቱ የተምቹን እንቁላል የሚያጠፉ ደቃቅ ተርቦች ማሳው ላይ ለቀቀችለት። ዛሬ ስትመጣ ግን የመድኃኒት መርጫውን በጀርባው አዝሎ አገኘችው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

«ጋሼ፣ እባክህ አውርደው። ከረጨህ ተርቦቹም ያልቃሉ።»

«እነሱን ስጠብቅ በቆሎዬ ሊያልቅ ነው። ይኸው፣ እንቁላሉ ጠቁሯል፤ ሊፈለፈል ነው።»

እሷም ፈራች። ተርብ ዘሩን የጣለበት እንቁላል ይጠቁራል፤ ትል ሊፈለፈልበት የደረሰውም እንደዚያው።

«ይህን አንድ ቅጠል ብቻ አብረን እንይ» አለችው።

መርጫውን ሳያወርድ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ፀሐይዋ እየከረረች ሄደች። በመጨረሻ አንዱ እንቁላል ተበሳ። ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ጥቁር ነገር ወጥታ ክንፏን ዘረጋች።

«ተርብሽ ይቺ ናት?»

«አዎ።»

«ይቺን አምኜ ነው ልጆች የማሳድገው?»

ቢሆንም ማንገቻውን ከትከሻው አወለቀ።

«ዛሬ አልረጭም። ነገ አንድ ትል ካየሁ ግን አልሰማሽም።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ሌሎቹን የጠቆሩ እንቁላሎች ለማየትም ወደሚቀጥለው ቅጠል ተሻገረች።