አሥራ አንዱ ተቀባዮች

ባፈና ጌታነህ አራተኛውን ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ ከጫነ ሦስት ሳምንት ሆነው። እስካሁን መቶ አርባ ጊዜ ታይቷል። ከመቶ አርባው ስንቱ የራሱ እንደሆነ እንጃ፤ ስልኩን በከፈተ ቁጥር ሳይነካው ስለማያልፍ ግማሹ የሱ ቢሆን አይገርምም።

አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር የተከራያት ክፍል ግድግዳዋ ዙሪያውን ብርድ ልብስ ለብሷል። ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው። የማያውቅ ሰው ሲገባ ግን የታመመ ሰው ያለ ይመስለውና ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። መሀሉ ላይ አንድ ማይክ ቆሟል። በውሃ ምህንድስና ከተመረቀ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት ያፈራው ንብረት ይኸው ማይክና አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ነው።

በዚያው ሰሞን በትውልድ አገሩ በካምባ ወረዳ ለውሃ ባለሙያነት የተፈተነው ፈተና ውጤት ወጣ፤ አልፏል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ካልተገኘ ተጠባባቂው ይገባበታል። አባቱ አቶ ጌታነህ ደወሉ።

«እንኳን ደስ ያለህ፤ ትመጣለህ አይደል?»

«እመጣለሁ አባዬ።»

«ዘፈኑስ?»

«እስከዚያ የሚሰማው ሰው ካላገኘ ማይኩን እዚያ ላሉት ለሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን እሰጣለሁ፤ ሁለተኛም አልዘፍንም» አለ። ቃሉን የማያጥፍ ልጅ መሆኑን ራሱም ስለሚያውቅ፣ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ፈራ።

አብራው የተማረችው መክሊት፣ ላንቴ በሚባል ቀበሌ ከሙዝ አምራቾች ጋር ነው የምትሠራው። ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። «ሰው አልሰማኝም ትላለህ። ሰው ያለበት ሄደህ ታውቃለህ? ነገ ከኔ ጋር ላንቴ ትሄዳለህ» አለችው።

ላንቴ ሲደርሱ ሴቶቹ የሙዝ ዘለላውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ መኪና ላይ ይጭናሉ። ከሥራው ጋር ዘፈን አለ። እትዬ ልክነሽ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ዘለላውም በዜማው ልክ ይሄዳል። ሲያርፉ መክሊት የባፈናን ዘፈን በትንሽዬ ስፒከር ከፈተችላቸው።

ዘፈኑ በጋሞኛ ነው። አውጪው «ደመናው ወዴት ሄደ?» ይላል፤ ተቀባዮቹ «ወደ ደጋ!» ይላሉ። «ልጁስ ወዴት ሄደ?» ሲባልም እንደዚያው። ተቀባዮቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ አሥራ አንዱም ባፈና ነው። አንዱን በወፍራም፣ አንዱን በቀጭን፣ አንዱን አፍንጫውን ይዞ እያለ ለየብቻ ቀድቶ ደራርቧቸዋል። ስድስት ሳምንት ፈጅቶበታል። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚኮራው በዚህ ነበር።

እትዬ ልክነሽ ገና «ወዴት ሄደ?» ሲል አፏን ከፈተች። አሥራ አንዱ ባፈናዎች ቀደሟት። አፏን ዘጋች። ሁለተኛም ከፈተች፣ ሁለተኛም ቀደሟት። በሦስተኛው ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሙዙ ዞረች።

«እንዴት ነው እትዬ ልክነሽ?» አለ ባፈና።

«ድምፅህ ጥሩ ነው።»

«ግን?»

«ግን እኔ ምን ልሁንልህ? አውጪው አንተ፣ ተቀባዩም አንተ። ሠርግ ቤት ሄዶ ራሱ አውጥቶ ራሱ የሚቀበል ሰው አይተህ ታውቃለህ? ዝም በሉ የተባልን ነው የመሰለኝ።»

ባፈና ተናደደ። በባጃጅ ሲመለሱ «ሙዝ ጫኝ ሙዚቃ ታስተምረኝ?» አለና ቃሉ ከአፉ እንደወጣ አፈረ። ሲቀላ ደርሰው መክሊት ስትወርድ «እሷ ሃያ ሴት ታስቀብላለች። አንተስ?» አለችው።

ጥያቄው እንቅልፍ ነሳው። ካምባ ሲያድግ ማንም ሰው ዘፈን ብቻውን ሲጨርስ አላየም። ሠርግም ሆነ ለቅሶ፣ አጨዳም ሆነ ቤት ማቆም፣ አንዱ ካወጣ ሌላው የሚገባበት ቦታ ይተዋል። ይሄን የማያውቅ የአገሩ ልጅ የለም። ባፈና አብሮት የሚዘፍን ሰው አጣና ቦታውን ራሱ ሞላው፤ ሞልቶ ሲያበቃ ደግሞ ሰው አልመጣም ብሎ አዘነ።

በማግሥቱ ላፕቶፑን ከፍቶ አሥራ አንዱን ድምፆች አንድ በአንድ ሰረዛቸው። አፍንጫውን ይዞ የዘፈነውን ሲሰርዝ ልቡ ቅር አለው። በቦታቸው ከበሮ ብቻ ያለበት ባዶ ቀረ። ሲያዳምጠው ጥርሱ የወለቀ አፍ መሰለው። እንደዚያው ጫነው።

ሰው በዩቲዩብ የሰጠው አስተያየት ይህ ነበር፦ «ድምፁ ይቆራረጣል።» «ችግሩ የኔ ኔትወርክ ነው ወይስ የናንተ?» «ቀሪውን መቼ ትለቁታላችሁ?»

መክሊት ግን ዘፈኑን በፍላሽ እየገለበጠች ላንቴ ለሚጭኑ ሾፌሮች ማደል ጀመረች። «በዚህ ዘመን ፍላሽ?» አላት ባፈና። «ሾፌር ዳገት ላይ ዳታ ያለው መሰለህ?» አለችው። ከዚያ ወዲያ ፍላሾቹ የት እንደደረሱ ማንም አልነገረውም። ሁለቱ ሳምንታትም አለቁ። አዲሱ ዩቲዩብ ላይ የታየው ሰባ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር።

እሑድ ጠዋት ማይኩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተና የካምባ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ። ከጎኑ አንድ ሽማግሌ አዲስ የአካፋ እጀታ ታቅፈው ተቀምጠዋል። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ረዳቱ ፍላሽ ቀየረ። ከበሮ ተሰማ፤ ቀጥሎ የባፈና ድምፅ።

«ደመናው ወዴት ሄደ?»

ባፈና በድንጋጤ አንገቱን ቀበረ። ባዶው መጣ። አሁን ሰው «ተበላሽቷል፣ ቀይረው» ይላል ብሎ ጠበቀ።

«ወደ ካምባ!» አለ ረዳቱ በሩን በመዳፉ እየደበደበ። ከኋላ ወንበር ሁለት ሴቶች ደገሙት። በሁለተኛው ላይ ሾፌሩ ገባ፤ በሦስተኛው ላይ መኪናው በሙሉ። አንዷ ሴት በቀጭን ድምፅ ከላይ ያዘችው፤ ባፈና በስድስት ሳምንት ያላገኘው ድምፅ ነበር። ዘፈኑን ለምደውታል። ይሄ መኪና ሲዘፍነው የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያስታውቃል።

ሽማግሌው በክርናቸው ጎሸሙት። «አንተ ልጅ፣ አፍ የለህም? ተቀበል እንጂ!»

«ልጁስ ወዴት ሄደ?» አለ የባፈና ድምፅ ከስፒከሩ።

«ወደ ካምባ!» አለ ባፈና ከሰዉ ጋር። ደስ አለው፤ ደስታው ድምፁን ሰባበረበት፤ እንባውም መጣ።

ሽማግሌው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ድምፅህ እንኳን አይረባም። ግድ የለም፣ ቀጥል» አሉት።

ካምባ ሲደርሱ አቶ ጌታነህ መናኸሪያ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ልጃቸውን ስመው ሻንጣውን ከእጁ ተቀበሉና ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«ይከብዳል፤ ማይኩ ነው? በዚያው በቤተ ክርስቲያን በኩል አልፈን እንስጣቸዋ።»

«ነገ ቢሮ እገባለሁ አባዬ። ማይኩን ግን አልሰጥም።»

«ሰው ካላገኘ አላልክም? አገኘ እንዴ?»

ባፈና ወደ መኪናው ዞረ። ረዳቱ ከጣሪያ ላይ ዕቃ እያወረደ ነው፤ የመኪናው በር ተከፍቶ ዘፈኑ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሯል።

«ልጁስ ወዴት ሄደ?»

«ወደ ካምባ» አሉ አቶ ጌታነህ፣ ሰው እንደሚያደርገው ሳያስቡት፣ ዕቃቸውን እየጠበቁ ከሚቀበሉት ተሳፋሪዎች ጋር። ከዚያ ያወጣው ድምፅ የማን እንደሆነ ገባቸውና ሻንጣውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት።