የበረኛው ቦታ

ፀጉር አስተካካዩ ከመስታወቱ በላይ በሰቀለው ፍሬም ውስጥ የአስር ኳስ ተጫዋቾች ካርዶች ተደርድረዋል፤ የበረኛው ቦታ ግን ባዶ ነው። "ያለ በረኛ ስንት ገባባችሁ?" የማይለው ደንበኛ የለም። እሱም አብሮ ይስቃል እንጂ ሆዱ ያርራል። ያ ቦታ ሳይሞላ መሞት አይፈልግም።

ካርዶቹ ልጅ ሳለ ከማስቲካ ጋር ይወጡ የነበሩ ናቸው። የማስቲካው ፋብሪካ ታዲያ ተንኮለኛ ነበር፤ የበረኛውን ካርድ ላመጣልኝ ልጅ ኳስ እሸልማለሁ አለ። ኳስ እያለ ወረቀት የሚያቅፍ የትኛው ቂል ነው? ያገኘ ሁሉ ሮጦ አስረከበ፤ ፋብሪካውም የተረከበውን ቀዳዶ ጣለ። እሱም ከሮጡት አንዱ ነበር። ኳሷ በሳምንቷ እሾህ ላይ አርፋ ፈነዳች። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው፤ ዛሬ ያ ካርድ በመብራት ቢፈለግ አይገኝም።

ካርድ ሰብሳቢዎችን ሁሉ ጠይቆ ሲታክተው፣ የበረኛውን ፎቶ ካሮጌ ጋዜጣ ላይ ኮፒ አድርጎ ባዶው ቦታ ላይ ለጠፈው። ታላቅ እህቱ ባሏን ልታስላጨው ይዛ የመጣችው በዚያው ጠዋት ነው። ባልየው ፎጣ ተደርጎለት፣ ፊቱ አረፋ በአረፋ ሆኖ ወንበሩ ላይ ተንጋሏል።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አለች እህቱ ቀና ብላ።

"በረኛው ነዋ፣ እትዬ።"

"ሂድ ወዲያ! እሱ አገጩ እንዲህ የተጨፈለቀ ነው? ደግሞ ሲስቅ ግራ ጉንጩ ስርጉድ ይላል። አውርድልኝ ይሄን ጉድ!"

"አንቺ ደግሞ ኳስ መች ታውቂያለሽ?"

ቦርሳዋን ከፈተች፤ ከባሏ ጉርድ ፎቶ ኋላ በጥፍሯ ፈልቅቃ ካርዱን አወጣች። ጠርዙ ተበልቷል እንጂ ራሱ ነው፤ ኳሱን በብብቱ ይዞ፣ ጉንጩ ስርጉድ ብሎ ይስቃል።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠ። "እትዬ! እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ስባዝን?"

"በኳስ ይለውጥብኛል ብዬ ደበቅኩህ። እኔ ኳስ ምን ያደርግልኛል? መልኩን ነው የወደድኩት።"

"ካደግን በኋላስ?"

"ካደግን በኋላማ..." ባሏን ሰረቅ አድርጋ አየችው፣ "አፈርኩ።"

ባልየው ተነሳ። ካርዱን አየ፤ መስታወቱን አየ፤ ደግሞ ካርዱን አየ። ሳቁ ሲያመልጠው አረፋው መሀል ግራ ጉንጩ ስርጉድ አለ።

"ለካ እኔ ተጠባባቂ በረኛ ነኝ!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷም እያፈረች፣ እየሳቀች ካርዱን ለወንድሟ ሰጠችው። "በል ቦታው ይግባ። የኔ ቤት በረኛ አለው።"

ፀጉር አስተካካዩ ኮፒውን ገንጥሎ ካርዱን አስገባ። ደስታው እንባ ሆኖ መጣበት፤ እህቱን አገላብጦ ሳማት። ከዚያ ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ ምላጩን አነሳ።

"ቀስ!" አለ ባልየው እንደገና እየተንጋለለ። "ግራ ጉንጬን አደራ፤ ትዳሬ ያለው እዚያ ላይ ነው።"