ንቅንቅ የማትለዋ በርሜል

ስሚኝማ የኔ ማር፣ የያዝሽውን ነገር አስቀምጪና ቁጭ በይ። እኔ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ቢያንስ አንቺ ተቀመጪልኝ።

የአባዬን ጀልባ ታውቂያት የለ? «ሚስ ኖኤሊ»። አዎ፣ በእኔ ስም ነው የተሰየመችው። እኔ በተወለድኩ ሰሞን ነው ከአጎቴ ከክሎቪስ ጋር የገዟት፤ ስለዚህ እኩያዬ ናት፣ እሷ ግን ይበልጥ ዝጋለች። ሠራተኛና ዕቃ ጭና ከባዩው፣ ከሰፈራችን ረግረጋማ ወንዝ፣ ትወጣና ባሕሩ መሃል ወደቆሙት የነዳጅ ማማዎች ታመላልሳለች። እኛ ሰፈር ሁሉም ሰው ወይ ሽሪምፕ ያጠምዳል ወይ ማማዎቹ ላይ ይሠራል ወይ ወደ ማማዎቹ ሰው ይወስዳል። ሌላው ቄሱ ነው።

እንግዲህ የማማዎቹ ድርጅት ጀልባ ከመከራየቱ በፊት ተቆጣጣሪ ይልካል። ተቆጣጣሪዋ «ደህና ናት» ካለች ሥራ አለ፣ ካላለች የለም። አጎቴ ክሎቪስ ደግሞ ሰልችቶታል። «ዘንድሮ ካላለፈች እንሸጣታለን፤ ገዢም አለኝ» ብሎ ቁርጡን ነግሮናል።  አባዬ ግን ትምህርት የጨረስኩ ዕለት ለእኔ «ጀልባዋ ካለፈች ሠራተኛዬ አደርግሻለሁ፣ ገመድ ትይዣለሽ» ብሎ ቃል ገብቶልኛል። ከተሸጠችስ? ከተሸጠች ከኦሬሊ ጋር ሽሪምፕ ማሸጊያ ቤት እገባለኋ። ኦሬሊ ጓደኛዬ ናት፣ እወዳታለሁ፣ ግን ከሥራ ስትወጣ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ይከተላታል። ታጥባም ይከተላታል።

ምን እንደጨነቀኝ ገባሽ አይደል?

የፍተሻው ቀን ጠዋት እማዬ ድስት ሙሉ ጉምቦ፣ ያን ወፍራም የሽሪምፕ ሾርባ፣ ሠርታ ሰጠችኝ። ሽንኩርት ቅጠሉን እዚያው ከትፌ እንድነሰንስበት ደግሞ ቢላዋዋን ጨመረችልኝ። ያንን ቢላዋ ለማንም አታውስም፣ ለእህቷ እንኳን። «ቢላዋዬን ሳትይዢ እንዳትመጪ። እንደውም እሱ ከሌለ አንቺም አትምጪ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ጀልባዋ ላይ ስደርስ አጎቴ ክሎቪስ ያገኘውን ሁሉ ነጭ ቀለም ቀብቶታል። የጀልባዋን ዙሪያ አጥር፣ መሰላሉን፣ ጣሪያውን፣ የውሃ ቧንቧውን። ድመት ብትኖረን ኖሮ እሷንም ይቀባት ነበር።

«አጎቴ፣ ይሄኛው ገና እርጥብ ነው እኮ» አልኩት።

«አትንኪው። የማይነካ ነገር እርጥብ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

ኦሬሊ ከማሸጊያ ቤቱ መልእክት ትልካለች። «አለፋችሁ?» «ኧረ ገና አልመጣችም።» ትንሽ ቆይታ «አሁንስ?» እኔ መሰላል እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ የነፍስ አድን ጃኬቶቹን ደግሜ አያለሁ፣ ፊሽካቸውን እነፋለሁ። አባዬ «አንቺ ልጅ፣ አዞ የጀልባዋን ጭራ ነክሶ ይዟል እንዴ? አረፍ በይ» አለኝ። እሱ ራሱ ባዶ ስኒ ይዞ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን ይመላለሳል።

ከዚያ መጣች። ሚስ ቬርዳ ትባላለች። አጭር ናት፣ ሽበቷን እንደ ገመድ ጎንጉናዋለች፣ አንገቷ ላይ ባትሪ፣ ወገቧ ላይ ትንሽ መዶሻ አንጠልጥላለች። ስትራመድ ድምፅ የላትም፤ ይሄ ነው ያስፈራኝ። አጎቴ ሮጦ «ሚስ ቬርዳ፣ መጀመሪያ ጉምቦ ይቅመሱ፣ ትኩስ ነው» አላት።

«ከበላሁ በኋላ ሰው በፍተሻ መጣል ይከብደኛል» አለችና አጥሩን ይዛ ወጣች። እጇን ገልብጣ አየችው። ነጭ ሆኗል።

«መቼ ነው የተቀባው?»

«ኧረ ቆይቷል» አለ አጎቴ።

እጇን ሳትጠርግ ከፍ አድርጋ አሳየችው። «እኔ ዝገት ሳይ አልፈራም፤ ዝገት አይዋሽም። ቀለም ሳይ ነው የምፈራው።»

ወይ አጎቴ። ብሩሹን ከጀርባው ደበቀ።

ሞተር ክፍል ወረደች። ቱቦዎቹን በመዶሻ ኳ ኳ ታደርጋለች፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ እንደ ሐኪም። የጀልባዋ ሆድ ውስጥ ውሃ ሲገባ የሚጮኸውን ደወል በእጇ አስነሳችው፤ ጮኸ። እሳት ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። ከዚያ ከወደቡ ትንሽ ወጣ እንድንል አደረገችና ለልምምድ የምንይዘውን በቡሽ የተሞላ አሻንጉሊት ውሃ ውስጥ ወርውራ «ሰው ወደቀ» አለች፤ እንዲህ ቀስ ብላ፣ ጨው አቀብሉኝ እንደሚባለው። አባዬ ጀልባዋን አዙሮ፣ እኔና አጎቴ በመረብ ጎትተን አወጣነው። አሻንጉሊቱ የአጎቴን አሮጌ ሸሚዝ ለብሷል፤ አጎቴ ሲያወጣው «አይዞህ ወንድሜ» አለው። ሚስ ቬርዳ ከንፈሯ ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ።

ለኦሬሊ «ልናልፍ ነው መሰለኝ» ብዬ ጻፍኩላት። ምነው እጄን በቆረጠው።

ወደቡ ተመልሰን ስንቆም የቀረው የመሪው ክፍል ጣሪያ ነበር። እዚያ ላይ የነፍስ አድን ጀልባዋ አለች፤ ታጥፋ ነጭ በርሜል ውስጥ ነው የምትቀመጠው፣ ውሃ ላይ ስትለቀቅ ተነፍታ ትከፈታለች። ሚስ ቬርዳ መሰላሉን ወጣች፣ አባዬ ተከተላት፣ እኔ አባዬን ተከተልኩት፣ አጎቴ ከታች ቀረ። በርሜሏን ዞረቻት። ጎንበስ አለች። ቀና አለች። ደግማ ጎንበስ አለች።

«ካፒቴን፣ ይህቺ በርሜል በደንብ ታስራለች?»

የአባዬ ደረት ሲነፋ አየሁት። ቋጠሮ ማለት ለሱ እንዴት እንደሆነ አታውቂም። ባዩው ላይ ሰው የሆነ ነገር ሲጠፋበት «አልሲድ ቢያስረው ኖሮ» ነው የሚባለው፤ አልሲድ አባዬ ነው።

«ሚስ ቬርዳ፣ ባለፈው አውሎ ነፋስ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ሲወስድ ይህቺ ንቅንቅ አላለችም። በራሴ እጅ ነው ያሰርኳት። ጀልባዋ ብትገለበጥ፣ ባሕር ወለል ላይ ብትቀመጥ እንኳን እዚህችው ናት። ንቅንቅ አትልም።»

ሚስ ቬርዳ ባትሪዋን አብርታ የበርሜሏን ሥር አሳየችው። 

እኔ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ የተናገረውን በሆዴ ደገምኩት። ባሕር ወለል ላይ እንኳን። በርሜሏን የያዘው ቀበቶ ላይ ክብ ዕቃ አለች፤ ጀልባ ሲሰምጥ ውሃው ሲጫናት በራሷ ቀበቶውን ትለቃለች፣ በርሜሏ ወደ ላይ ትንሳፈፋለች፣ ሰዉ ያገኛታል። ሥራዋ እኮ መነቀል ነው። አባዬ ግን ከቀበቶው ሌላ የራሱን ገመድ ከሥር አሹልኮ ከብረቱ ጋር ጥፍር አድርጎ አስሯታል። ለአውሎ ነፋሱ አሰራት፤ ነፋሱ አለፈ፤ ገመዱ ቀረ። 

አባዬም ገባው። ሲገባው ፊቱን አየሁት፤ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

«የወንድሜን የኡሊስን በርሜል ነፋስ ነው የወሰደበት» አለ ቀስ ብሎ። «ጀልባው ከመስጠሙ በፊት ከጣሪያው ነቅሎ ወሰዳት። ሲፈልጋት አልነበረችም። እኔ ታዲያ ...» አልጨረሰውም። አጎቴን ኡሊስን አላውቀውም፤ ከመወለዴ በፊት ነው የሞተው። ፎቶው ሳሎን አለ።

ሚስ ቬርዳ ድምፅዋ ተለወጠ፣ «ካፒቴን» ማለቱንም ተወችው። «ገባኝ አልሲድ። የሱን ነፋስ ወሰዳት። ያንተ ደግሞ አብራህ ትወርዳለች።» ከዚያ ሰዓቷን አየት አድርጋ «ወንዙ ማዶ ሌላ ጀልባ ይጠብቀኛል። ከመሄዴ በፊት ተፈትቶ ካየሁት አልፋችኋል። ካልሆነ በዚህች ጀልባ ሰው አይወጣም» አለችና በርሜሏ አጠገብ ተቀመጠች።

አባዬ ተንበርክኮ መፍታት ጀመረ። የሱ ቋጠሮ ለሱም አይታዘዝም፤ ጨው ገብቶበት ፀሐይ አድርቆት ድንጋይ ሆኗል። ያ ብቻ ቢሆን ደህና።

«ክሎቪስ» አለ አባዬ ወደ ታች። «ይሄን ገመድም ቀብተኸዋል?»

 «ነጭ ካልሆነ ያስጠላል ብዬ ነው» አለ አጎቴ።

ቀለሙ በቋጠሮው መሃል ሰርጎ እንደ ሙጫ ይዞታል። አጎቴ ጉጠት ወረወረ፤ አልሆነም። ሚስማር ወረወረ፤ ተጣመመ። የአባዬ ጥፍር ደማ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንጫጫል፣ ኦሬሊ ናት፣ «አሁንስ? አሁንስ?» ሚስ ቬርዳ ተነስታ ሱሪዋን አራገፈች።

«አባዬ፣ ለምን አንቆርጠውም?»

«ደህና ገመድ አይቆረጥም።»

ይሄ ሕጉ ነው። «ሚስ ኖኤሊ» ላይ መሳደብ ይቻላል፣ መተኛት ይቻላል፣ ገመድ መቁረጥ ግን አይቻልም። መፍታት ያቃተው ሰው ነው የሚቆርጠው ይላል። እሱ ደግሞ በባዩው ሰው ሁሉ ፊት፣ ማለቴ በሚስ ቬርዳ ፊት፣ ያው ነው፣ ነገ ሰው ሁሉ ይሰማዋል፣ መፍታት ያቃተው ሰው ሊባል ነው። ሚስ ቬርዳ እግሯን መሰላሉ ላይ አደረገች።

«ይቅርታ፣ አንዴ ልለፍ» ብዬ ቀደምኳት።

ወረድኩ። ኩሽና ገባሁ። የእማዬ ቢላዋ ሽንኩርት ቅጠሉ አጠገብ ነበር። ስመለስ ሚስ ቬርዳ መሰላሉ ሥር ቆማለች፤ ቢላዋውን አየች፣ ገለል አለችልኝ። ወጣሁ። አባዬ አሁንም እንደተንበረከከ ነው፤ እጁን ቋጠሮው ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ።

«ኖኤሊ፣ እንዳታደርጊው።»

«እጅህን አንሳ አባዬ።»

አላነሳም። እኔም ከእጁ አጠገብ አስገብቼ ቆረጥኩት። እማዬ ቢላዋዋን እንዲህ ስለምትስለው እግዜር ይስጣት፤ እንደ ቅቤ ነው የሄደው። በርሜሏ ትንሽ ወዝወዝ አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። አባዬ እንደተመታ ሰው እጁን ሰበሰበ።

ሚስ ቬርዳ ተመልሳ ወጣች፣ በርሜሏን በእጇ ነቅነቅ አደረገች፣ ቀበቶውን ሳበች፣ ክቧን ዕቃ በባትሪ አየች። «አሁን ትንሳፈፋለች። አልፋችኋል» አለች። ወርዳ ቆማ አንድ ሳህን ጉምቦ በላች። አጎቴን «ይሄን ግን አልቀባኸውም አይደል?» አለችውና ሄደች።

አጎቴ ይጨፍራል። እኔስ? እኔ አባዬን ነበር የማየው። ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። ሞተሩን አየ፣ ወለሉን አጠበ፣ የተቆረጡትን ገመዶች ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። ሠራተኛ ልሁን አልሁን አላውቅም፤ መጠየቅ ደግሞ ፈራሁ። ጀልባዋ ተርፋ እኔ የቀረሁ መሰለኝ። ኦሬሊን ለማሸጊያ ቤቱ የሚሆን ቦቲ ትርፍ እንዳላት ጠየቅኳት።

አመሻሽ ላይ መኪናው ውስጥ ቤት ልንደርስ ስንል «ኡሊስም እንዳንቺ ነበር፤ ተው ሲሉት አይሰማም» አለ።  «ነገ ጎህ ሳይቀድ እንወጣለን። የፊቱን ገመድ አንቺ ነሽ የምትይዢው።»

«እሺ አባዬ።»

«ቢላዋውን ከወገብሽ እንዳትለዪው። እዚያ ላይ ማንም የሚያስረውን ነገር፣ እኔም ብሆን፣ ዞር ብለሽ እዪው።»

ስለዚህ ነገ እወጣለሁ። ማዕበሉ ከፍ እንደሚል ሬዲዮው ተናግሯል፤ ቦቲዬን ከአሁኑ አድርጌዋለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ እያንዳንዱን ቋጠሮ በሐሳቤ አስራለሁ፣ እፈታለሁ። ቅድም ለኦሬሊ ደወልኩና ሁሉንም፣ አሁን ላንቺ እንዳወራሁት አንድም ሳላስቀር አወራሁላት።  ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ፤ ቃል በቃል ልንገርሽ፦

«ቢላዋው እኮ የአባትሽ አይደለም፣ የእናትሽ ነው። መጀመሪያ እሷን አስፈቅጂ፤ ባሕሩ ይደርሳል።»